«ቀደር ነው» ብሎ ጥያቄን መዝጋት ይቻላልን?



ከአንድ ፋብሪካ፣ ያውም ከአንድ ክፍል የወጡ የሦስት ሰዎችን ጀናዛ ሸኝቻለሁ። የሞቱት በተለያየ ዓመት ነው። በሦስቱም የተዕዚያ ቤት የሰማሁት ቃል ግን አንድ ነበር። «አጀሉ ደረሰ፤ የአላህ ቀደር ነው፤ ምን ይጠየቃል?» እኔም እንደማንኛውም ለቀስተኛ ራሴን ነቅንቄ፣ ዱዓ አድርጌ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

አጀል በአላህ (ሱ.ወ) እጅ መሆኑን የሚጠራጠር ሙእሚን የለም። በቀደር ማመን ከስድስቱ የኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት እኔም እላቸዋለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው። በቀደር ያመነ ሰው «ምን ይጠየቃል?» ብሎ ጥያቄን የመዝጋት መብት አለውን? የሚዘጋውስ ለአላህ ሲል ነው ወይስ ለራሱ ሲል? ይህን የማነሣው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። በዚህ ጉዳይ አንዱ ተጠያቂ እኔው ነኝና ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

በ1977 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለሁ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ማን ገባ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከክሊኒክ የሕመም ፈቃድ ይዞ መጣ የሚለውን በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ወደ ደመወዝ ክፍል ይሄዳል። ያለ ፈቃድ የቀረ ሰው የቀን ደመወዙ ይቆረጣል። በመሠረቱ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ከፋብሪካው ሁሉ ሰው የሚሸሸው፣ ታስሮ የመጣው ጥጥ የሚፈታበትንና የሚነፋበትን ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት የሚወጣው ብናኝ የክረምት ጉም ይመስላል። ሠራተኞቹ ከፈረቃ ሲወጡ ጸጉራቸውና ቅንድባቸው ነጭ ስለሚሆን የሃያ ዓመቱ ልጅ ሽማግሌ መስሎ ይታያል። እኛ የቢሮዎቹ ልጆች እንስቅባቸው ነበር።

ከዚህ ክፍል የሚመጣው ሕመም ግራ የሚያጋባ ነበር። የሚነሣው ሰኞ ሰኞ ነው። ሥራ በገቡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደረታቸው ይታፈናል፣ ይስላሉ፣ አንዳንዶቹንም ያተኩሳቸዋል። ማክሰኞ ይሻላቸዋል። ረቡዕና ሐሙስ እንደ ጤነኛ ይሠራሉ። እሁድ ያርፋሉ፤ ሰኞ እንደገና ይጀምራቸዋል። የሳንባ ነቀርሳ ነው እንዳይባል ሳምንቱን አይዘልቅም። ጉንፋን ነው እንዳይባል ግድግዳ ለግድግዳ ያለውን የሽመና ክፍል ሠራተኛ አይነካም። ክሊኒኩ የሳል ሽሮፕ እየሰጠ ይሸኛቸዋል።

ሰበብ ግን አልጠፋም። የፈረቃው አለቃ «የእሁድ ጠላ ነው» አለ። አባባሉ አሳማኝ ነበር፤ እሁድ ያመሸ ሰው ሰኞ ራሱን ቢያመው ምን ይደንቃል? ሌሎች ደግሞ ክፍሉ ጂን አለበት አሉ። እኔ ጂን መኖሩን አልክድም፤ ቁርኣን የነገረን ነው። ዳሩ ግን በሦስት ፈረቃ ሰው በሚተራመስበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ብቻ መርጦ፣ ያውም የሕዝብ በዓልና የእሁድ ዕረፍት ጠብቆ ሥራ የሚጀምር ጂን ለሰዓት ተቆጣጣሪም አልገባውም።

በዚያ ክፍል የሚሠሩ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸውን ልተወውና እኛ እንጠራቸው በነበረው «ሙአዚኑ» ልበላቸው። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ተሰባስበን ዙህር ስንሰግድ አዛን የሚሉልን እሳቸው ናቸው። ዘመኑ ድምፅ ለማሰማት የሚመች ስላልነበረ ዝቅ አድርገው ነበር የሚሉት። ጠላ ሊጠጡ ቀርቶ ጠላ ከተቀመጠበት ቤት አይቀመጡም። ሰኞ ሰኞ ግን አዛኑ ይቆራረጥባቸው ነበር። አንዱን ቃል ከጨረሱ በኋላ ቆም ብለው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ሐሙስ ዕለት ያለ ችግር ይጨርሱታል።

የእሳቸው ሕመም ብቻውን የአለቃውን ሰበብ ያፈርሰው ነበር። አንድም ቀን ያልጠጣ ሰው ከጠጪዎቹ እኩል ከታመመ ምክንያቱ መጠጥ ሊሆን አይችልም። አለቃው ግን ሐሳቡን ከመለወጥ ሰውየውን መለወጥ ቀለለው። አንድ ሰኞ በእኔ ፊት «ሼኪም እሁድ እሁድ መቀማመስ ጀመሩ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ፈገግ አልሁ። በዚያው ወር ሁለት ሰኞ ቀሩ። ክሊኒኩ ፈቃድ ስላልሰጣቸው በስማቸው ትይዩ «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ብዬ ጻፍሁ።

ለመሆኑ ምን አውቅ ኖሯል? ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን መዝገቡ በእጄ ነበር። ዒድ በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ሲውልና ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሳሉ ሰኞን ሳይጠብቅ በዒዱ ማግሥት ይመጣ ነበር።  ፋብሪካው ለጥገና ሁለት ሳምንት ተዘግቶ በተከፈተበት ዕለት ከዚያ ክፍል ወደ ክሊኒክ የሄደው ሰው ከየትኛውም ሰኞ ይበልጥ ነበር። ጠጪውንና የማይጠጣውን፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን፣ ሽማግሌውንና ልጅ እግሩን የሚያገናኛቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉና ከዕረፍት መመለሳቸው። ይህን ለማየት የሕክምና ትምህርት አያሻም። ጥቂት ገጾች ገልጦ መቁጠር ይበቃ ነበር። አልቆጠርሁም።

ሕመሙ ስም እንዳለው ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቢሲኖሲስ ይባላል። ከጥጥ ብናኝ፣ በተለይም ከብናኙ ጋር ከሚገባው የባክቴሪያ ርዝራዥ የሚመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው። ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚብሰውም ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ ብናኙን ለጊዜው ስለሚለማመደውና በዕረፍቱ ልምዱን ስለሚያጣው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ከሰኞ ወደ ማክሰኞ፣ ከማክሰኞ ወደ ሳምንቱ ሙሉ ይዘልቃል። በመጨረሻ ሳንባው ተጎድቶ ይቀራል። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ የተልባ እግርና የቃጫ ጭረት የሚያበጥሩ ሰዎችን ሳል ገልጾታል። ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ያለውም እሱ ነው። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሺሊንግ በላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች ሕመሙን በደረጃ የከፈለው ያንኑ ሰኞን መለኪያ አድርጎ ነው። አሜሪካ በ1978 የጥጥ ብናኝን መጠን የሚወስን ደንብ አወጣች። እኔ መዝገብ ስይዝ ዓለም ያወቀው ነገር ነበር ማለት ነው።

የሀገራችን ጉዳይም ቢሆን ሳይጻፍ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ካሉት ከመቶ 43ቱ፣ በሚበጠርበት ክፍል ካሉት ደግሞ ከመቶ 37 ተኩሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አገኘ። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከመቶ ከ4 እስከ 24 ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያንን መዝገብ አሰብሁ። የኔው ፋብሪካ ቁጥር ከኔው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ይህ የኛ ሀገር ድክመት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ያው ጥጥ ጂንስ ሱሪ ከሆነ በኋላ በሙስሊሞች ሀገር በቱርክ የሆነውን ልጥቀስ። ዛሬ ወጣቶቻችን ለብሰውት ወደ ጁምዓ የሚመጡት፣ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ያረጀ የሚመስለው ጂንስ አለ። ያንን መልክ ለማውጣት አንዱ ርካሽ መንገድ በታመቀ አየር አሸዋ መርጨት ነበር። በኢስታንቡል ባልተመዘገቡ ትንንሽ ወርክሾፖች ውስጥ ከምሥራቅ ቱርክ መንደሮች የመጡ ልጆች በር በተዘጋበት ክፍል አሸዋ ሲረጩ ይውሉ ነበር። አንዳንዶቹ እዚያው ያድሩም ነበር። ከዚያ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ክብደታቸው እየቀነሰ ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሳንባ ነቀርሳ ተብለው የታከሙ ነበሩ። ሃያ ዓመት ያልሞላው የልብስ ሠራተኛ የድንጋይ ፈላጭ ሕመም ይይዘዋል ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩን የፈታው ከሁሉም በፊት ሁለት ሕመምተኞችን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኤርዙሩም የአታቱርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአንድ ሥራ የነበሩ ሁለት ወጣቶችን አጋጣሚ ሆኖ በአንድ ጊዜ አገኙና ሕመሙ ሲሊኮሲስ፣ ማለትም የአሸዋ ብናኝ ሳንባን የሚያደርቅበት ሕመም መሆኑን ጽፈው አሳወቁ። አንድ ሰው ሲታመም ሕመም ነው፤ ከአንድ ሥራ ቦታ ሁለት ሰው ሲታመም ግን ጥያቄ ነው። ሐኪሞቹ ጥያቄውን አልጣሉትም። በ2007 ቀድሞ በዚህ ሥራ የነበሩ 145 ሰዎችን መረመሩ፤ ከግማሽ በላዩ ታሞ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ከእነዚሁ መካከል ስለ 83ቱ ሲከታተሉ ዘጠኙ ሞተዋል፤ የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 24 ዓመት ነበር። በሕይወት ካሉት 74 ሰዎች መካከል ከመቶ 96ቱ ሕመሙ አለባቸው። ሥራውን ከተዉ ዓመታት አልፈዋል፤ አሸዋው ግን አልተዋቸውም። ቱርክ በ2009 ሥራውን ከለከለች፤ በ2011ም ለታማሚዎቹ ጡረታ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ከዚያም ሥራው ወደ ባንግላዴሽና ወደ ሌሎች ሀገሮች ተሰደደ።

እንግሊዝ የብረት ቅርፅ በአሸዋ እየረጩ ማጽዳትን የከለከለችው በ1949 ባወጣችው ደንብ ነው። ስለዚህ በኢስታንቡል የነበረው ወረርሽኝ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ሊባል አይችልም። ያልተጠየቀ ነበር። በወርክሾፑ አሠሪውም ሠራተኛውም «አላሁ አክበር» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ይህ ለኔ ከቁጥሩ ሁሉ ይከብደኛል።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ቀደርን ጠቅሶ ዝም የሚል ሰው በዚህ ጉዳይ ከኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) የበለጠ ሙእሚን አይደለም። በዐምዋስ ወረርሽኝ ዘመን ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባለው ቦታ ሲደርሱ የበሽታው ዜና ደረሳቸው። ሊመለሱ ሲወስኑ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ይሆንብን ይሆን ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመር ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው ብለው፣ ግመሎቹን ወደ ለምለሙ ወይም ወደ ደረቁ የሸለቆ ገጽ የሚያሰማራን እረኛ ምሳሌ አድርገው መለሱላቸው። ይህን ሁላችንም ከኹጥባ ሰምተነዋል። እኔ ዘወትር የማስበው ግን ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ነው። ዑመር ከመወሰናቸው በፊት ሙሃጂሮችን ጠርተው ጠየቁ፤ አንሷሮችን ጠየቁ፤ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ። ስለ ጉዳዩ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማው ሰው፣ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ)፣ ለጉዳዩ ሄዶ በቦታው አልነበረም። ሲመለስ ግን እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው አለ ብሎ ተናገረ። ማንም «አንተን ማን ጠየቀህ?» አላለውም። ዑመርም አላህን አመሰገኑ። አቡ ዑበይዳ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ፤ እሳቸውን በመጥፎ የሚያነሣ የለም። እያንዳንዱ በያዘው ዕውቀት ልክ ሠራ። እኔ መዝገቡን ይዤ ነበር፤ አልተናገርሁም።

ቁርኣንን በሸመገልሁ ጊዜ በትርጉሙ ስቀራ፣ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ጸሐፊ መሆኑን አስተዋልሁ። የአል-በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ የሚጽፈው ሰው በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። ተከታዩ ደግሞ ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ይነግረናል። ዑለማዎች አንቀጾቹ ስለ ብድር ናቸው ይሉኝ ይሆናል፤ ትክክል ናቸው። ዳሩ ግን የሰው ትንፋሽ ከብድር ያንሳልን? «ያለ ፈቃድ ቀሪ» የሚለው ቃል በደንቡ መሠረት ሐሰት አልነበረም። በፍትሕ ግን አልተጻፈም።

በሌላ በኩል ያለውን ሐቅም ልናገር። ያለ ማስረጃ ፋብሪካን መክሰስ ራሱ ዙልም ነው። በዚያ ፋብሪካ ብዙ ቤተሰብ ይተዳደር ነበር። ከሸኘኋቸው ሦስቱ ሟቾች አንዱ ብዙ ያጨስ ነበር፤ ሌላው በልጅነቱ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ ያውቃል። ጥጡ ገደላቸው ብዬ አልምልም፤ የማላውቀው ነውና። ምርመራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የአል-ሑጁራት ምዕራፍ ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። አለቃው ሳያጣራ ሠራተኛውን ሰካራም አደረገው። እኔም ሳላጣራ ፋብሪካውን ነፍሰ ገዳይ ባደርገው ከእሱ በምን እሻላለሁ? ብናኙን መለካት፣ ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት ሲገባና ሲወጣ ትንፋሹን መለካት፣ ብናኝ የሚስብ ማራገቢያ መትከል፣ የታመመውን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር፣ እነዚህ ሁሉ ማንንም ሳይከሱ የሚሠሩ ናቸው።

ፈርቼ ነበርን? አዎን። ዘመኑ ምርት ከኮታ በታች ወረደ ማለት የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር። ፍርሃቴን ሰበብ የማላደርገው ግን አንድ ነገር ስላለ ነው። ለክሊኒኩ ጤና ረዳት «እነዚህ ሁሉ ከአንድ ክፍል ናቸው» ብዬ ብነግረው ማንም አያስረኝም ነበር። ሻይ የምንጠጣው አብረን ነው።

ዛሬም በእንጨት ሥራ ቤት፣ በድንጋይ መቁረጫ፣ በወፍጮ ቤት፣ በትልልቅ የልብስ ስፌት አዳራሾች የሠራተኛን መቅረት የሚመዘግብ ሰው አለ። ሙስሊም አሠሪዎችም አሉን፤ ዘካቸውን አስልተው የሚያወጡ፣ በረመዳን ለሠራተኛ ኢፍጣር የሚያዘጋጁ። አላህ ይቀበላቸው። ሠራተኛው ፆሙን በውሃ ከመፍታቱ በፊት ለምን እንደሚስል ጠይቀውት ያውቁ እንደሆነ ግን መጠየቅ ይገባቸዋል።

ሙአዚኑ ካረፉ ቆይተዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነገሩ ስለከበደኝ አንድ የማምናቸውን ኡስታዝ አማከርሁ። ገንዘቡን አንተ አልወሰድኸውም፤ ያለብህ ምስክርነት ከሆነ ግን ወራሾቻቸው አሉ፣ ሂድና ንገራቸው አሉኝ። የሙአዚኑን ልጅ ፈልጌ ሱቁ ድረስ ሄድሁ። በአባቱ ዕድሜ ደርሷል። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ አለቃው ሳቅ፣ ስለ እኔም ፈገግታ ነገርሁት። ዓፍው በለኝ አልሁት።

ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ዓፍው ብያለሁ ጋሼ» አለኝ። «ግን አባባ እኮ ያውቁ ነበር። ማታ ማታ ለእናቴ ጥጡ ነው፣ ከጥጡ ስርቅ የሚሻለኝ ለዚህ ነው ይሏት ነበር። እዚያ የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ።»